ወገቡን ያመመው ሁሉ ካልሲየም አላነሰውም

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምጽፈው ረዘም ይላል። ሻይ ይዛችሁ አንብቡት። የሚያናድዳችሁ ካለም ተናደዱ፤ ግን ጨርሳችሁ ተናደዱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአዋሽ ሰባት ተነስቶ በአዋሽ አርባ፣ በገዋኔ፣ በሚሌና በሎጊያ አድርጎ ሰመራ በሚገባው መንገድ ላይ፣ ወገቡን ወይም ጀርባውን ያመመው ሰው የሚሰማው መልስ አንድ ነው፦ «ካልሲየም አንሶህ ነው።» መልሱን የሚሰጠው አንዳንዴ መድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባ የቆመ ሰው ነው። አንዳንዴ ጎረቤት ነው። አሁን አሁን ደግሞ ስልካችን ላይ ሳንጠራው የሚመጣ የማስታወቂያ ቪዲዮ ነው። ከመልሱ ጋር አንድ ብልቃጥ እንክብል ይመጣል፤ አንዳንዴም ቀዩ «የነርቭ መርፌ» እና ማስታገሻ ይታከልበታል። ሰውየው ከፍሎ ይሄዳል። ከወር በኋላ ተመልሶ ይመጣል፤ ሌላ ብልቃጥ ይገዛል። በሦስተኛው ወር ራሱ አይመጣም፤ ልጁን ይልካል። ለምን ቢባል እሱ መሄድ አቅቶታል።

እኔ የምሠራው መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው። ከሩቅ ሆኜ ድንጋይ እየወረወርኩ አይደለም። የምናገረው ስለ ራሴ ሙያና ስለምኖርበት አካባቢ ነው። የምለውም ይኸው ነው፦ በዚህ ሸለቆ ውስጥ ለሳምንታት ወገቡን ሲያመው የቆየን ሰው «ካልሲየም አነሰህ» ብሎ መሸኘት ሰነፍ መልስ ነው። ሰነፍ ብቻ ሳይሆን አደገኛም ነው።

እስኪ መጀመሪያ ሂሳቡን እንሥራ።

አንድ አዋቂ ሰው በቀን ወደ 1,000 ሚሊግራም ካልሲየም ይበቃዋል። የላም ይሁን የግመል፣ አንድ ሊትር ወተት ውስጥ ከዚያ የማያንስ ካልሲየም አለ። ወተት ባለበት ወቅት አፋር አርብቶ አደር በቀን ምን ያህል ወተት እንደሚጠጣ ለናንተ አልነግራችሁም፤ ታውቃላችሁ። ያ ሰው የሚሸጥለት እንክብል ብዙውን ጊዜ 500 ሚሊግራም ነው። ግማሽ ሊትር ወተት ማለት ነው! ወተት እየጠጣ ያደገን ሰው፣ በግመል ወተት የሚኖረውን ሰው፣ የግማሽ ሊትር ወተት ዋጋ በብልቃጥ አሽጎ መልሶ መሸጥ ምን ይባላል? ድርቅ ሲመጣ ወተት እንደሚጠፋ አውቃለሁ። ያኔ የሚጎድለው ግን ካልሲየም ብቻ አይደለም፤ ምግብ ነው። የምግብ ችግር ደግሞ በእንክብል አይፈታም።

«ታዲያ አጥንቱን ምን ነካው?» ትሉኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ችግሩ ይህን ጥያቄ ባንኮኒው ላይ ማንም አለመጠየቁ ነው።

አጥንት ድንጋይ አይደለም። ሕይወት ያለው አካል ነው። በአዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ ወደ አንድ ኪሎ የሚሆን ካልሲየም አለ፤ ከዚያ ውስጥ 99 በመቶው የተቀመጠው አጥንትና ጥርስ ውስጥ ነው። አጥንት ጎተራ ነው በሉት። በዚህ ጎተራ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሠራተኞች አሉ። አንዱ አጥንት ይገነባል፤ ኦስቲዮብላስት ይባላል። ሌላው አጥንት ያፈርሳል፤ ኦስቲዮክላስት ይባላል። አፍራሹ አጥንቱ ላይ ልክ እንደ መዥገር ይለጠፍና አሲድ ይለቅበታል። ማዕድኑ ይሟሟል፤ ካልሲየሙ ወደ ደም ይወጣል። ጤነኛ ሰው ላይ የፈረሰው ያህል ይገነባል፤ አሮጌው አጥንት ይታደሳል። ክፉ ነገር የለውም።

ክፉው የሚመጣው አፍራሹ ያለ ልክ ትእዛዝ ሲደርሰው ነው። ትእዛዙን የሚሰጠው ማነው? እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ያለው። ትእዛዙ የሚመጣው ከራሳችን የበሽታ መከላከያ ሠራዊት፣ ከነጭ የደም ሴሎች ነው።

አፋር ውስጥ የኖረ ሰው ዳጉን ያውቃል። ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ዝም ብሎ አይተላለፍም፤ ቁጭ ብሎ ያየውንና የሰማውን ይለዋወጣል። ዝናብ የት ጣለ፣ ግጦሽ የት አለ፣ ማን ታመመ፣ ማን መጣ። ሰውነታችን ውስጥም ዳጉ አለ። ነጭ የደም ሴሎች ጠላት ሲያዩ ሳይቶካይን የሚባሉ ጥቃቅን ፕሮቲኖችን ይረጫሉ። መልእክተኞች ናቸው። ኢንተርሉኪን-1፣ ኢንተርሉኪን-6፣ ቲኤንኤፍ የሚባሉት ከታወቁት ውስጥ ናቸው። «እዚህ ጋ ጠላት አለ፣ ድረሱ!» ይላሉ። ትኩሳቱ፣ እብጠቱ፣ ሕመሙ የዚያ ዳጉ ውጤት ነው። መልእክቱ አጥንት አጠገብ ከተላለፈ ደግሞ አጥንት ገንቢዎቹና ሌሎች ሴሎች ራንክ-ኤል የሚባለውን ሌላ ፕሮቲን እንዲያወጡ ያደርጋል። ራንክ-ኤል ለአጥንት አፍራሹ «ጀምር» የሚል ትእዛዝ ነው። አፍራሾቹ ይበዛሉ፣ ይነቃሉ፣ ጎተራውን ይከፍታሉ። ካልሲየሙ ይወጣል።

ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1972 አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች አንድ ቀላል ግን ብልህ ሙከራ አደረጉ። የሰው ነጭ የደም ሴሎችን ሳህን ውስጥ አሳድገው፣ ሴሎቹን የሚያስቆጣ ነገር ጨመሩባቸው። ከሚያስቆጡት ነገሮች አንዱ ጥርስ ላይ የሚጋገረው ቆሻሻ ነበር። ከዚያ ሴሎቹ የነበሩበትን ፈሳሽ ብቻ ወስደው የአይጥ ጽንስ አጥንት ላይ አደረጉት። አጥንቱ ውስጥ ያለው ካልሲየም አስቀድሞ ምልክት ተደርጎበት ስለነበር ሲወጣ መለካት ይቻል ነበር። ወጣ። ሴሎቹ ራሳቸው ሳይኖሩ፣ የረጩት ነገር ብቻ አጥንቱን ካልሲየም አስለቀቀው። በ1985 ከዚህ ፈሳሽ ውስጥ ዋናው ኃይል ኢንተርሉኪን-1 መሆኑ ተለየ። ራንክ-ኤልም በ1990ዎቹ መጨረሻ ታወቀ። እንግዲህ ነገሩ ከታወቀ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል። እኛ ግን ዛሬም «ካልሲየም አንሶህ ነው»።

ምሳሌውን ከአፋችሁ ውስጥ ውሰዱ። ድዱ ለዓመታት ያበጠና የሚደማ ሰው ጥርሱ ይነቃነቃል። ጥርሱ ራሱ ሳይበሰብስ ሙሉውን ይወልቃል። ለምን? ድዱ ውስጥ ያለው ቁጣ ጥርሱን የያዘውን የመንጋጋ አጥንት ስለሚያስበላው ነው። ለዚህ ሰው መፍትሔው ካልሲየም ነው ወይስ ድዱን ማከም? መፋቂያ የያዘ ሽማግሌ እንኳ መልሱን ያውቀዋል።

አሁን ወደ ወገቡ እንመለስ።

የዚህ ሸለቆ ሰው አከርካሪ ላይ እሳት የሚለኩሱ ሁለት ተህዋሲያን አሉ። ሁለቱንም የጤና ባለሙያ ሁሉ ትምህርት ቤት ተምሯቸዋል።

አንደኛው ቲቢ ነው። ቲቢ ማለት ሳንባ ብቻ አይደለም። ተህዋሲው በደም ተጉዞ አጥንት ውስጥ ይቀመጣል፤ ከአጥንት ሁሉ አብዝቶ የሚመርጠው ደግሞ አከርካሪን ነው። እዚያ የከበቡት ነጭ ሴሎች መልእክታቸውን ሳያቋርጡ ይረጫሉ፤ የአከርካሪው አጥንት ከውስጥ ይበላል። ይሳሳል፣ ይደረመሳል፣ ጀርባ ይጎብጣል። መግልና ስባሪ አጥንት የአከርካሪውን ነርቭ ሲጫን እግር ይደነዝዛል፤ ይባስ ብሎ ሽባ ያደርጋል። የአከርካሪ ቲቢ ያለበት ብዙ ሰው አያስልም። ይህን ደግማችሁ አንብቡት፦ አያስልም። እኛ ደግሞ ቲቢን የምንፈልገው በአብዛኛው ከሚያስል ሰው ላይ ነው።

ሁለተኛው ብሩሴሎሲስ ነው። ፍየሏን፣ ግመሏን፣ ላሟን የሚያስወርዳት በሽታ። ሰው ላይ የሚመጣው ባልፈላ ወተትና በማስወረድ ጊዜ ያለ ጓንት በሚነካ ሽልና እንግዴ ልጅ በኩል ነው። ትኩሳቱ ይመጣል ይሄዳል፣ ላብ ያጠምቃል፣ መገጣጠሚያ ያማል፣ ወገብና ዳሌ ይይዛል። «ወባ ነው» ይባላል፤ የወባ መድኃኒት ይሰጣል። «ታይፎይድ ነው» ይባላል፤ የታይፎይድ ይሰጣል። መጨረሻ ላይ ወገቡ ሲቀር «ካልሲየም ነው» ይባላል። አፋር ውስጥ በከብቱም በሰዉም ላይ በሽታው መኖሩን በደም ምርመራ ያሳዩ ጥናቶች ታትመዋል። አዲስ ዜና አይደለም።

በሁለቱም በሽታ ላይ አጥንቱ የሚያጣው ካልሲየም የሚወጣው የመልእክተኞቹ ትእዛዝ ስላለ ነው። እሳቱ እየነደደ ከላይ ካልሲየም መጨመር፣ ሰመራ ውስጥ ታች የተሸነቆረ ሮቶ በቦቴ ውኃ እንደ መሙላት ነው። ውኃው ውድ ነው፤ ቦቴው ይመላለሳል፤ ሮቶው ግን አይሞላም። ሽንቁሩን ድፈኑት!

አሁን የሚመጣብኝን ክርክር አውቃለሁ። አንድ በአንድ ልመልስ።

«የደም ምርመራ አድርጎ ካልሲየሙ ትክክል ነው ተብሏል፣ ስለዚህ አጥንቱ ደህና ነው» የሚል አለ። አይደለም። ሰውነት የደሙን ካልሲየም ከ8.5 እስከ 10.5 ሚሊግራም በዴሲሊትር ባለው ጠባብ መስመር ውስጥ አንቆ ይይዘዋል፤ ልብና ጡንቻ ያለዚያ አይሠሩምና። ደም ውስጥ ትንሽ ሲጎድል ከአጥንት ወስዶ ይሞላል። ስለዚህ አጥንቱ እየፈረሰ የደሙ ቁጥር ግን «ትክክል» ሊሆን ይችላል። የገበያ ቆጣሪው ስንት ከረጢት እንደተሸጠ ይነግርሃል እንጂ ጎተራው ውስጥ ስንት እንደቀረ አይነግርህም።

«ራጅ ተነስቶ ምንም የለም ተብሏል» የሚልም አለ። ራጅ ላይ የአጥንት መበላት በግልጽ የሚታየው ከማዕድኑ 30 በመቶና ከዚያ በላይ ካለቀ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ወር የተነሳ ንጹሕ ራጅ ነጻ የመሆን ወረቀት አይደለም። ሕመሙ ከቀጠለ እንደገና ይታያል፤ ኤምአርአይ ወደሚገኝበትም ይላካል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ይሄ ነው፦ «ምን ችግር አለው፣ ቢጠቅምም ባይጠቅምም አይጎዳም።»

አይጎዳም? ኧረ ይጎዳል!

መጀመሪያ የሚጎዳው ጊዜ ነው። የአከርካሪ ቲቢ በጊዜ ከተገኘ ይድናል። መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ነው የሚሰጠው። ሕክምናው ከሳንባው ቲቢ ይረዝማል፤ እስከ አንድ ዓመት ሊሄድ ይችላል፤ ግን ሰው ይድናል፣ በእግሩ ይሄዳል። ሦስት ወር በካልሲየም የተታለለ ሰው ግን እግሩ ሳይደነዝዝ የሚድንበትን ጊዜ አባክኗል። ብሩሴሎሲስም በጊዜ ከተያዘ ለ6 ሳምንት በሚወሰዱ ሁለት መድኃኒቶች ይታከማል፤ አከርካሪ ውስጥ ከገባ ግን ወራት ይፈልጋል። በብልቃጥ ያባከንነው ወር ተመልሶ አይመጣም።

ሁለተኛ፣ ገንዘብ ነው። ነጻ መድኃኒት የሚገባውን ሰው ፍየል አሽጦ እንክብል ማስገዛት ነው የያዝነው።

ሦስተኛው ብዙ ባለሙያ እንኳ የሚዘነጋው ነገር ነው። ቲቢ ባለበት ሰው ውስጥ ተህዋሲውን የከበቡት ነጭ ሴሎች ኢንተርፌሮን ጋማ በሚባል መልእክተኛ ሲነሳሱ ቫይታሚን ዲን ወደ ኃይለኛው መልኩ ይቀይሩታል። በተለምዶ ይህን ሥራ የሚሠራው ኩላሊት ነው፤ ልጓም አለው። ነጭ ሴሎቹ ግን ልጓም የላቸውም። ስለዚህ በአንዳንድ የቲቢ ሕመምተኛ ላይ የደም ካልሲየም ከልክ በላይ ይወጣል፤ ማቅለሽለሽ፣ የሆድ ድርቀት፣ ድካም፣ ብዙ ሽንት፣ ሲብስም የኩላሊት ጉዳት ያመጣል። ለእንዲህ ያለ ሰው ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ አንድ ላይ ያለበትን እንክብል መስጠት ማለት ምን ማለት እንደሆነ እናንተው ፍረዱ። በቤንዚን እሳት ማጥፋት ነው። ሁሉም ሰው ላይ ይደርሳል አላልኩም። ሊደርስ የሚችልበትን ሰው ግን ሳይመረመር መለየት አይቻልም።

አራተኛ፣ ካልሲየሙ ብቻውን አይሄድም። ሕመሙ አልቆም ሲል ያለ ማዘዣ ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታዞን ይጨመራል። እሱ ደግሞ የመልእክተኞቹን አፍ ይዘጋል። ሰውየው ሁለት ቀን ደስ ይለዋል፤ «ተሻለኝ» ይላል። ተህዋሲው ግን ጠባቂ ያጣ በረት ውስጥ እንደገባ ጅብ ይሆናል። በዚያ ላይ መድኃኒቱ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ራሱ አጥንት ያሳሳል። መልእክተኞቹ ጠላታችን አይደሉም፤ እሳት ተነሳ ብለው የጮኹ ጎረቤቶች ናቸው። ጎረቤትን ዝም በል ብሎ እሳቱን መተው ምን ይሉታል? ለመገጣጠሚያ በሽታ ቲኤንኤፍን የሚያግዱ ዘመናዊ መድኃኒቶች በውጭ አገር ሲሰጡ መጀመሪያ የሚጣራው ቲቢ የሆነው ለዚሁ ነው፤ ያ መልእክተኛ ሲታገድ ተኝቶ የነበረ ቲቢ ሊነሳ ይችላልና። መጥፋት ያለበት እሳቱ ነው፤ ተህዋሲው።

«አንተ ካልሲየምን በሙሉ ልታጠፋ ነው እንዴ?» ለሚሉኝ፦ አይደለም። ነፍሰ ጡር እናት በምግቧ ካልሲየም ካነሳት ሐኪም ያዝላታል፤ የሚጠቅማትም ነገር ነው። ፀሐይ ያላየ እግሩ የቆለመመ ሕፃን አለ። አጥንቷ የሳሳ አረጋዊት እናት አለች። በምርመራ ለተለየ ችግር የሚሰጥ ካልሲየም መድኃኒት ነው። የምቃወመው ጥያቄ ሳይጠየቅ የሚሰጠውን ነው። አብዛኛው የወገብ ሕመም ደግሞ ከጡንቻ፣ ከሸክም፣ ከረጅም መንገድ የሚመጣ ነው፤ ሹፌሮቻችንን ጠይቁ። እሱ በጥቂት ሳምንታት ይተዋል። ለእሱም ካልሲየም አያስፈልገውም!

በዚያ ላይ የራሳችንን ሸለቆ አስቡት። ወደ ላይ፣ ወንጂና መተሐራ አካባቢ፣ የከርሰ ምድር ውኃ ፍሎራይድ እንደሚበዛበት ከታወቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ከዚያ በብዙ የሚበልጥ ውኃ ለዓመታት የጠጣ ሰው ጥርሱ ይበልዛል፤ አከርካሪው ደርቆ ይገተራል፤ ጅማቱ ሳይቀር ይጠነክራል። የዚያ ሰው አጥንት አልሳሳም፤ ከልክ በላይ ደድሯል። እንግዲህ እዩት፦ አንዱ ላይ አጥንት እየተበላ ነው፣ አንዱ ላይ አጥንት እየደደረ ነው፣ አንዱ ላይ ጡንቻ ነው። ሦስቱም «ወገቤን» ነው የሚሉት። ሦስቱም አንድ ብልቃጥ ነው የሚሰጣቸው። ይህ ሕክምና ነው ወይስ ዕጣ?

የመጨረሻው ክርክር የሚከብደኝ ነው። «ሕዝቡ ድሃ ነው፣ ሆስፒታል ሩቅ ነው፣ ምን እናድርግ?» ይሉኛል። እውነት አላቸው። ከአዋሽ እስከ ሰመራ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከመንገዱ ወደ ውስጥ ያለው ቀበሌ ደግሞ መኪና የሚያየው አልፎ አልፎ ነው። ዱብቲ ሆስፒታል ለመድረስ ስንት ሰው በሰው ሸክም እንደሚመጣ አውቃለሁ። ግን ልብ በሉ፦ ሆስፒታል መራቁ የተሳሳተ መልስ ለመስጠት ፈቃድ አይሆንም። እንዲያውም በተቃራኒው ነው። መንገዱ ረጅም ስለሆነ ነው የመጀመሪያው መልስ ትክክል መሆን ያለበት። ሰውየው አንዴ ነው የሚመጣው። አንዴ ሲመጣ ከሸኘነው፣ ሁለተኛ የሚመጣው ተሸክመውት ነው።

የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ኤምአርአይ በየወረዳው ይተከል አላልኩም። አራት ጥያቄ ነው፦

1. ሕመሙ ስንት ጊዜ ሆነው? ከሦስት ሳምንት ካለፈና ሌሊት ተኝቶም ካልተወው ያሳስባል።
2. ማታ ማታ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ የሰውነት መክሳት አለ?
3. ያልፈላ ወተት ይጠጣል? ያስወረደች ከብት ነክቷል? ቤቱ ውስጥ ቲቢ የታከመ ሰው አለ?
4. እግሩ ይደነዝዘዋል? ይዝልበታል? ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር አቅቶታል?

ለአራተኛው «አዎ» ካለ የዚያን ዕለት ሆስፒታል ነው፤ ነገ አይባልም። ከሌሎቹ በአንዱ «አዎ» ካለ እንክብል ሳይሆን የመላኪያ ወረቀት ነው የሚገባው። አራት ጥያቄ ለመጠየቅ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ብልቃጡን ጠቅልሎ መልስ ለመስጠት ከሚፈጀው አይበልጥም።

ባልደረቦቼ፣ መድኃኒት ቤት የምትሠሩ፣ ይህ ለእናንተ ነው። ገበያ እንደሚጎዳ አውቃለሁ። ኪራይ እንዳለብን አውቃለሁ። ግን ነጩን ጋወን የለበስነው ሸቀጥ ለመሸጥ ብቻ ከሆነ ሱቅ እንክፈትና ስሙን እንቀይረው።

የጤና ቢሮ ኃላፊዎች፣ ለእናንተም አለኝ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቲቢን ሲፈልጉ ከሳል ቀጥሎ «የማይለቅ የጀርባ ሕመም» የሚለው ጥያቄ ይግባ። ወረቀት ላይ አንድ መስመር ነው። የእንስሳት ሐኪሙና የሰው ሐኪሙም ይገናኙ፤ ፍየሎች በብዛት ያስወረዱበት ቀበሌ የሰዎቹም ወገብ መጠየቅ አለበት። ከብቱና እረኛው አንድ ወተት ነው የሚያገናኛቸው፤ ሐኪሞቻቸው ግን በአንድ ግቢ ውስጥ እንኳ አይነጋገሩም።

በየስልኩ «ከአጥንት ሕመም በሳምንት ይገላገሉ» እያላችሁ ብልቃጥ የምታስተዋውቁ፣ እናንተን አልለምንም። ማስታወቂያ የሚቆጣጠረውን አካል ነው የምለምነው፦ እነዚህን ቪዲዮዎች እዩልን። በሽታ እፈውሳለሁ የሚል እንክብል ማስረጃውን ያምጣ።

ስለ ወተቱ ደግሞ በጥንቃቄ ልናገር፤ ምክንያቱም ከአዲስ አበባ መጥቶ አፋርን ስለ ወተት የሚያስተምር ሰው ብዙ አይቻለሁ። ወተት ነውር የለበትም። ወተት የዚህ ሕዝብ ጉልበት ነው። አጥንቱን የገነባው እሱ ነው። ወተቱን አንድ ጊዜ ማፍላት ግን ካልሲየሙን አይወስደውም፤ ተህዋሲውን ይገድለዋል። ጣዕሙ እንደሚለወጥ አውቃለሁ። እንግዳ ሲመጣ ጥሬውን መስጠት ክብር እንደሆነም አውቃለሁ። ይህን ነገር ሊናገሩት የሚገባቸው ሽማግሌዎቹና እናቶቹ ናቸው፤ በአፋርኛ፣ በራሳቸው አነጋገር። የባለሙያው ድርሻ ማስረጃውን ይዞ ከጎናቸው መቀመጥ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከሚሌ ብዙም ሳይርቅ ሐዳር በሚባለው ስፍራ በ1967 ዓ.ም. የድንቅነሽ አጥንት ተገኘ። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ አፈር ውስጥ ቆይቶ ዓለምን ያስደነቀ አጥንት ነው። ለእሷ አጥንት ሙዚየም ሠርተናል፣ ቱሪስት እናመጣለን፣ እንኮራለን። እንኩራ። ግን በዚያው አፈር ላይ ዛሬ ፍየል የሚጠብቀው ልጅ አከርካሪው በወራት ውስጥ ሲበላ «ካልሲየም ግዛ» ብለን ካሰናበትነው፣ ክብራችን ለሞተ አጥንት ብቻ ነው ማለት ነው።

ዳጉ ሕግ አለው። የሰማኸውን ማስተላለፍ ግዴታህ ነው፤ ሐሰት ማስተላለፍ ደግሞ ነውር ነው። «ወገቡን ያመመው ሁሉ ካልሲየም አንሶት ነው» የሚለው ሐሰተኛ ዳጉ ነው። በአፍ የሄደውን በአፍ መመለስ ይቻላል። አራቱን ጥያቄዎች ቅዱና ውሰዱ። መድኃኒት ቤት ላለ ጓደኛችሁ ላኩለት። ወደ አፋርኛ የሚመልስልኝ ሰው ካለ ኮሜንት ላይ ይጻፈው፤ ስሜ ባይጠቀስም ግድ የለኝም። ወገባቸውን ይዘው የተቀመጡ አባት ወይም እናት ቤታችሁ ካሉ ደግሞ ይህን ፖስት ላይክ ከማድረጋችሁ በፊት ጥያቄዎቹን ጠይቋቸው። መልሳቸው «አዎ» ከሆነ ነገ ጠዋት ይዛችኋቸው ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ እግራቸው ከደነዘዘ ግን ነገን አትጠብቁ።